እህቴ የላከችው የኢስትሮጅን ክኒን፦ አንድ ጥያቄ፣ 17 መልስ

መጀመሪያ እኔ የጠየቅኩትን ላስቀድም።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ትረሳለች። መርሳቷን ያስተዋልኩት ቡና ስታፈላ ነው። ቡናውን ቆልታ፣ ጭሱን አዙራ አሽትታን ወደ ጓዳ ትገባለች። ስትመለስ ሌላ ጥሬ ቡና ይዛ ትመጣና ማጠብ ትጀምራለች። የተቆላው እዚያው አጠገቧ ምጣዱ ላይ እየጨሰ ነው። ሲኒ ስትደረድር ደግሞ ለሞተው አባቴ አንድ ትጨምራለች። ዕለቱ ሰኞ ይሁን ማክሰኞ ይጠፋታል። ውዳሴ ማርያም ከጀመረች ግን አንድ ቃል አታዛንፍም።

ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነበር። ያየን ሐኪም የዕድሜ ነገር ነው ብሎ በአምስት ደቂቃ ሸኘን። ደም እንኳ አላስመረመረም። ከወራት በኋላ አሜሪካ ያለችው ታላቅ እህቴ ደወለች። ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን የአንጎል ሴሎችን ከመሞት እንደሚጠብቅ አንብባ ኖሯል። ሴት ስታርጥ ሆርሞኑ ስለሚቀንስ አንጎሏ ያለ ጠባቂ ይቀራል ብላ አመነች። እሷ ራሷ በማረጥ ምክንያት የሚመጣውን ሙቀት ለማስታገስ ክኒኑን ትወስዳለች። ከራሷ ቀንሳ በሰው እጅ ላከችልኝ። እሽጉ ቡፌው ውስጥ፣ ከስኳሩ ጀርባ ተቀምጧል። በየቀኑ ስኳር ሳወጣ አየዋለሁ።

ጥያቄዬ ሁለት ነበር። ለእናቴ ልስጣት ወይስ ልተው? እኔም 49 ዓመቴ ነው፣ የወር አበባዬ መዛባት ጀምሯል። ለራሴስ ይጠቅመኝ ይሆን?

ማታ ኢንተርኔት ላይ ለጥፌው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ መልሱ መዝነብ ጀምሮ ነበር። በተራ ልንገራችሁ።

1ኛ። የመጀመሪያዋ እህት ፈጣሪ ምሕረቱን እንዲያወርድላት ጸልያ ጸበል እንዳስጠምቃት መከረችኝ። የራሷ አያትም እንዲሁ ሆነው እንደነበር ጻፈች። ሌላ አልጨመረችም። ግን መጀመሪያ የደረሰችልኝ እሷ ነች፣ አልረሳትም።

2ኛ። ፋርማሲስት ነኝ ያለ ወንድም ገባ። ትሕትናው ደስ ይላል። መልስ ከመስጠቱ በፊት ጠየቀኝ። እናቴ ያረጠችው መቼ ነው? ማህፀኗ አለ ወይስ ወጥቷል? እግሯ ላይ ደም ረግቶባት ያውቃል? ጡቷ ላይ እብጠት ነበረባት? ማህፀን ላላት ሴት ኢስትሮጅንን ያለ ሌላኛው የሴት ሆርሞን፣ ያለ ፕሮጀስትሮን፣ ብቻውን መስጠት ለማህፀን ካንሰር ሊያጋልጥ እንደሚችል አስረዳ። እሽጉ የታዘዘው ለእህቴ ገላ እንጂ ለእናቴ አለመሆኑንም አሳሰበ። እስከዚያ ቡፌው ውስጥ ይቆይ አለኝ።

3ኛ። የዚህችኛዋ ድምፅ የጋለ ነው። ውጭ ያሉ አክስቷ ካረጡ ጀምሮ ሆርሞኑን ሲወስዱ እንደኖሩና ዛሬም የልጅ ልጆቻቸውን ልደት በቃላቸው እንደሚያውቁ ተረከች። ከዚያ ተነስታ ሁሉም ሴት መውሰድ አለባት እስከ ማለት ደረሰች። ፋርማሲስቱንም ሰውን ያስፈራራል ብላ ወቀሰችው።

4ኛ። የድኅረ ምረቃ ተማሪ መሆኑን የነገረን ልጅ 3ኛዋን ለማረም ገባ። ያመጣው ቁጥር እንቅልፍ ነሳኝ። አሜሪካ ውስጥ የተደረገው የሴቶች ጤና ትልቅ ጥናት አካል የሆነ አንድ የማስታወስ ጥናት ነበር። 65 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ የሆኑ 4,532 ሴቶች ገቡበት። ለግማሾቹ ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን (እንደ ፕሮጀስትሮን የሚሠራ መድኃኒት) ተሰጣቸው። ለግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ። 61 ሴቶች የመርሳት በሽታ ያዛቸው። 40ዎቹ ሆርሞኑን የወሰዱት ናቸው፣ 21ዱ ደግሞ አምሳያውን። ይጠብቃል የተባለው ነገር አደጋውን እጥፍ አደረገው ማለት ነው። ዋናው ጥናት ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2002 በጡት ካንሰርና በሌሎች ጉዳቶች የተነሳ ከጊዜው በፊት ተቋርጦ ነበር።

የ3ኛዋ አክስት ነገርም እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ጨመረ። ሆርሞን የሚወስዱ ሴቶች ብዙ ጊዜ የተማሩ፣ ገንዘብ ያላቸውና ሐኪም የሚከታተላቸው ናቸው። አእምሯቸው የቆየው በክኒኑ ነው ወይስ በኑሯቸው? አንድ አክስት አይተን አንለየውም። ይህን በደንብ አስቀመጠው፣ ትንሽ መንጠባረር ቢኖርበትም።

5ኛ። አንዲት እህት 4ኛውን ተከራከረችው። የጥናቱ ሴቶች ካረጡ ብዙ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፣ ስለዚህ ገና ማረጥ ለጀመረች ሴት አይጠቀስም ባይ ነች። ትክክለኛ ነጥብ ነው፣ በኋላም ተመለስንበት። ቀጥላ ግን የተሰጣቸው ኢስትሮጅን ከእርጉዝ ፈረስ ሽንት የሚጣራ መሆኑን ጻፈች። እውነት ነው። ግን ጨዋታው እዚያ ላይ ተበተነ።

6ኛ፣ 7ኛ እና 8ኛ። ሦስቱም ስለ ፈረሱ ናቸው። አንዱ ይህን መዋጥ በሃይማኖት ይፈቀዳል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሌላዋ መድኃኒት ከሆነ ምን ችግር አለው ባይ ነች። ሦስተኛው ዛሬ ከሰው ሆርሞን ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ኢስትራዲዮል የተባለ ኢስትሮጅን ከዕፅዋት በሚገኝ ጥሬ ነገር እንደሚሠራ ገልጾ ክርክሩን ዘጋው። የእህቴን እሽግ አውጥቼ አነበብኩት። ኢስትራዲዮል ይላል።

9ኛ። እዚህ ላይ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ገቡና ነገሩን ወደ ጥያቄዬ መለሱት። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ጋሼ ስንላቸው ነበር። ሳይሰለቹ ረጅም ጽፈዋል። እኔም ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ኢስትሮጅን ሴል ላይ የሚሠራው ተቀባይ በሚባል ነገር በኩል ነው፣ ይህን ቃል በዘፈን አስረዱን። አውራጅ ያወርዳል፣ ተቀባይ ይቀበላል። ኢስትሮጅን አውራጁ ነው። ተቀባዩ ሴሉ ውስጥ ሆኖ የሚጠብቅ ፕሮቲን ነው። አውራጁ ካልመጣ ተቀባዩ ዝም ብሎ ይቆማል። ሲገናኙ ግን ተያይዘው ዲኤንኤው ላይ ያርፋሉ፣ የትኛው ጂን ይነሳ፣ የትኛው ይተኛ የሚለውን ያዛሉ። ከሚነሱት አንዱ ቢሲኤል-2 የሚባል ነው። ሴሉ ሲጨነቅ ራሱን እንዳያጠፋ ይከለክለዋል። ሌላ ፈጣን መንገድም አለ። የሴሉ ሽፋን ላይ ያሉት ተቀባዮች ጂን እስኪነሳ አይጠብቁም፣ በሰከንዶችና በደቂቃዎች ውስጥ መልእክት ያስተላልፋሉ።

ተቀባዮቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። አልፋና ቤታ የሚባሉ ሁለት ዋና ዋናዎች አሉ። ቤታው የተገኘው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ስዊድን ውስጥ ነው። ሁለቱም ሂፖካምፐስ ውስጥ ይገኛሉ። ሂፖካምፐስ አዲስ ነገር የሚመዘገብበት የአንጎል ክፍል ነው፣ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታም ቀድሞ ከሚያጠቃቸው አንዱ እሱ ነው። ጋሼ ይህን ሲያስረዱ እናቴን ሳያውቋት የእሷን ነገር ገለጹልኝ። አሁን የቆላችውን ቡና የሚመዘግበው ቦታ ተጎድቷል። በልጅነቷ ያጠናችው ውዳሴ ማርያም ግን ሌላ ቦታ ሥር ሰዷል።

ቤታው ለሴሉ ኃይል በሚያመነጨው ክፍል፣ ሚቶኮንድሪያ ላይም ተገኝቷል። ጋሼ ሚቶኮንድሪያን በምድጃ መሰሉት። ምድጃው በደንብ ካልነደደ ቤቱን ጭስ ይሞላዋል። በላብራቶሪ ሴሎች ላይ ኢስትሮጅን ይህን ጭስ ሲቀንስ ታይቷል። ኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ እነ ብሩስ ማክዩዌን በ1990 ያሳተሙትንም ነገሩን። እንቁላል ማምረቻቸው የወጣ አይጦች ሂፖካምፐስ ውስጥ፣ የነርቭ ሴሎቹ መልእክት የሚቀበሉባቸው ጥቃቅን ጉጦች ቀነሱ። ኢስትራዲዮል የተሰጣቸው አይጦች ላይ ግን አልቀነሱም። የእህቴ ተስፋ ከምን እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ። ከባዶ አይደለም የተነሳችው።

10ኛ። አንድ ሰው ወንዶችስ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ እዚያው መለሱለት። የወንድ አንጎል አሮማቴዝ በሚባል ኢንዛይም ቴስቶስትሮንን ወደ ኢስትሮጅን ይለውጣል። ወንድ ደግሞ እንደ ሴት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአንዴ አያርጥም። አሜሪካ ውስጥ ከሦስት የአልዛይመር ታማሚዎች ሁለቱ ገደማ ሴቶች ናቸው። አንዱ ምክንያት ሴቶች ረጅም ዕድሜ መኖራቸው ነው። ብቸኛው ምክንያት እሱ ይሁን አይሁን ግን ያከራክራል። ዶክተር አሎይስ አልዛይመር በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ የተቀበላት የመጀመሪያዋ ታማሚም ሴት ነበረች። 51 ዓመቷ ነበር። ይህን ሳነብ በእኔና በእሷ መካከል ሁለት ዓመት ብቻ መኖሩን አሰብኩ።

11ኛ። ከዚያ አንዱ መጣና ሁላችንንም ገረፈን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የምትለዋን ተረት ወረወረብኝ። እናትሽ ካረጠች ሃያ ዓመት አልፏታል፣ አሁን ክኒን ፍለጋ ምን ይባላል ነው ነገሩ። አሮጊት እናቴን የመሞከሪያ አይጥ ላደርጋት እንደሆነም ጻፈ። ጋሼንም አንተ ብሎ፣ መጽሐፍ እየገለበጠ የሚታይ ሰው አደረጋቸው። አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም። ከሁሉ የከፋው ተረቱ ውስጥ እውነት መኖሩ ነበር።

12ኛ። የደረሰችልኝ አረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ እህት ናት። ቨርጂኒያ ትኖራለች። ከአባቷ እኩያ ጋር በአንተ መናገሩን በአንድ መስመር ገሠጸችውና አለፈችው። ቀሪው ሁሉ ለእኔ ነበር። ስለ ኢስትሮጅን ከማሰቤ በፊት የእናቴ ቫይታሚን ቢ12፣ ታይሮይድ፣ ስኳርና ግፊት እንዲታይ፣ ጆሮዋም እንዲመረመር አጥብቃ መከረችኝ። ድብርትም እንደ መርሳት ሊመስል ይችላል። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በላስቲክ ሰብስቤ ለሐኪም እንዳሳይ ነገረችኝ፣ አንዳንዱ የእንቅልፍና የአለርጂ ክኒን አእምሮ ያደነዝዛል። ሌላም ነገር አለች፣ እሱ ልቤ ውስጥ ገባ። እናቴ ሁለተኛ ጥሬ ቡና ስታመጣ አሁን ቆልተሽ የለም ወይ እያልኩ እንዳላሳፍራት። የተቆላውን እንዳቀርብላት፣ እጇ ሥራውን ራሱ እንደሚያስታውስ።

13ኛ። 4ኛው ልጅ ተመልሶ መጣ፣ ድምፁ ለስልሶ። የ11ኛውን ስድብ እንደማይቀበል፣ ሐሳቡ ላይ ግን ማስረጃ መኖሩን ጻፈ። በ2000 የታተመ ጥናት አለ። ቀድሞውኑ ቀላልና መካከለኛ አልዛይመር የያዛቸው፣ ማህፀናቸው የወጣ 120 ሴቶች ለአንድ ዓመት ተከታተሉት። ኢስትሮጅኑ በሽታውን አላዘገየውም። ስለ ራሴ የጠየቅኩትንም አልዘነጋም። ካረጡ ሦስት ዓመት ያልሞላቸው 727 ሴቶች ሆርሞን ወይም አምሳያ እየወሰዱ አራት ዓመት ተከታትለዋቸዋል። በ2015 ውጤቱ ሲወጣ በማስታወስ ላይ ጥቅምም ጉዳትም አልታየም። በጊዜ መጀመር ጉዳቱን ቢያስቀርም አእምሮ ይጠብቃል የሚለው በሰው ላይ ገና አልተረጋገጠም። ለማረጥ ሙቀትና ለእንቅልፍ እጦት ግን ሆርሞኑ እንደሚሠራ ሳይሸሽግ ጨመረ።

14ኛ። ጋሼ ስድቡን ቸል ብለው ቀጠሉ። ኒውዮርክ የሚገኘው ዌል ኮርኔል የሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ በሊሳ ሞስኮኒ የሚመራ ቡድን በ2024 ያወጣውን አነሱ። ከ40 እስከ 65 ዓመት የሆናቸው 54 ጤነኛ ሴቶች ተመረጡ። ተቀባዩ ላይ የሚጣበቅ ጨረር አዘል ኢስትሮጅን በደማቸው ተሰጥቶ የአንጎላቸው ምስል ተነሳ። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ካረጡ በኋላ ተቀባዮቹ እንደሚቀንሱ ነበር። የታየው ተቃራኒው ነው። እየበዙ ይሄዳሉ፣ እስከ ስድሳዎቹ አጋማሽም አሉ።

የጋሼ ማብራሪያ አውራጁ ሲጠፋ ተቀባዮቹ ተሰብስበው ይጠብቁታል የሚል ነበር። ውብ ነው። ነገር ግን 4ኛው ልጅ ወዲያው ሌላውን ግማሽ አመጣ። በዚያው ጥናት ብዙ ተቀባይ የታየባቸው ሴቶች የማስታወስ ፈተና ላይ ዝቅ ያለ ውጤት ነበራቸው። ስለዚህ የተቀባዩ መብዛት የአንጎሉ ረሃብ ምልክት ሊሆን ይችላል እንጂ ጤና አይደለም። ደግሞም ተቀባይ መኖሩ ብቻ አይበቃም። አንዳንድ ተመራማሪዎች ኢስትሮጅን የሚጠቅመው ጤነኛ ሴልን ነው፣ የታመመ ሴልን ግን ሊጎዳ ይችላል ይላሉ። ጋሼ አመሰገኑት። አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት እንዲህ ሲተራረሙ ማየት አጽናናኝ።

15ኛ። ይህቺን መልስ ስናነብ ሁላችንም ጸጥ አልን። በ38 ዓመቷ ሁለቱም እንቁላል ማምረቻዎቿ በቀዶ ሕክምና ወጥተዋል። ሲለቋት ስለ ሆርሞን ማንም አንድ ቃል አልነገራትም። በሳምንቱ ላብ በላብ መሆን ጀመረች፣ ከዚያ እንቅልፍ፣ ከዚያ ቃላት ይጠፏት ጀመር። ባሏ አእምሮዋን የነካት መስሎት ነበር። አሥር ዓመት እንዲሁ ኖረች። 2ኛው ፋርማሲስት መለሰላት። ሚኒሶታ ውስጥ በማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች የተደረገ፣ በ2007 የወጣ ጥናት አለ፣ ከማረጥ ዕድሜ በፊት እንቁላል ማምረቻቸው የወጣ ሴቶች በኋላ ዘመናቸው ለመርሳት ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። እንደ እሷ ላሉት፣ የሚከለክል ሌላ በሽታ ከሌለ፣ ሐኪሞች እስከ 50 ገደማ ድረስ ኢስትሮጅን መተካትን በአብዛኛው ይመክራሉ። ለእሷ የሚሠራው ለእናቴ የማይሠራው ለዚህ ነው። ይህ መድኃኒት ለማን፣ በስንት ዓመት፣ በምን ሁኔታ የሚለውን ትቶ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አይባልም። ከ17ቱ መልስ አንዱን ብቻ አንብቡ ብባል ይቺን እመርጥ ነበር። እባካችሁ እንቁላል ማምረቻ ይውጣ ከተባላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ስለ ሆርሞኑ ጠይቁ።

16ኛ። 3ኛዋ ተመልሳ ስለ ተልባ ጠየቀች። ተልባና አኩሪ አተር ውስጥ ኢስትሮጅን መሰል ነገር መኖሩ ትክክል ነው። ከአኩሪ አተር የሚገኘው ጄኒስታይን ቤታው ተቀባይ ላይ የመጣበቅ ዝንባሌ አለው። ፋርማሲስቱ ተልባውን እንድትጠጣ አበረታታት፣ የመርሳት በሽታ ፈውስ ግን አታድርጊው አላት። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በ2024 የወጣውንም አስታወሰን። ሊለወጡ የሚችሉ 14 አጋላጭ ነገሮች ተዘርዝረዋል፣ የመስማት ችግር፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ድብርት፣ ብቸኝነት ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ሁሉም ቢስተካከሉ ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ገደማውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ተብሎ ይገመታል። ሆርሞን በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

17ኛ። የመጨረሻው 11ኛው ሰውዬ ነው። ይቅርታ ጠየቀ፣ ጋሼንም እኔንም። የእሱ እናት ያረፉት ካቻምና ነው። በሽታቸው ሲጀምር እሱም ሰዎች የነገሩትን ሁሉ እየገዛ ያስውጣቸው ነበር። በአንዱ ክኒን የተነሳ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ በኋላ አልተነሱም። የተቆጣው በእኔ አልነበረም። ጋሼን በአንተ ነበር የጠራቸው፣ አሁን በእርስዎ ጠራቸው። እኔም አጽናንቼው ጻፍኩ።

እሽጉን ከቡፌው አወጣሁት። እህቴ ጋር ደወልኩና የ2003ቱን ቁጥር አነበብኩላት። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ ዝም አለች፣ ከዚያ አለቀሰች። በባዶ እጇ ከሩቅ መቀመጥ አልቻለችም፣ ይገባኛል። ክኒኑን በሚቀጥለው ሳምንት የምትመለስ ዘመዳችን ትወስድላታለች። የእናቴ ደም ትናንት ተወስዷል፣ ሌላ ሐኪም ጋ። መድኃኒቶቿንም በላስቲክ ይዤ ሄጄ ነበር፣ ሐኪሟ አንዱን እዚያው አስቆመችው። ለራሴ የማህፀን ሐኪም ቀጠሮ ሐሙስ ነው።

ዛሬ ጠዋት ጥሬውን ቡና ይዛ ስትመጣ ምንም አላልኳትም። የተቆላውን ሙቀጫው ውስጥ ጨምሬ ዘነዘናውን ሰጠኋት። ተቀበለችኝና መውቀጥ ጀመረች።